ኦክቴን የጉልበት መለኪያ ነውን? የእሽቅድድም ነዳጅና የዕለት መኪናችን



የዛሬውን ርዕስ ያቀበለኝ አንድ ተማሪዬ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ወደ ቢሮዬ መጥቶ ስለ ታላቅ ወንድሙ አጫወተኝ። ወንድሙ በብድር በገዛት አነስተኛ የጃፓን መኪና ሰው እያመላለሰ እናታቸውንና ሁለት ልጆቹን ያስተዳድራል። መኪናዋ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ሞተሯ ጠጠር የተጨመረበት ጣሳ ሲናወጥ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ማሰማት ጀመረች። አንድ የመለዋወጫ ነጋዴ «ችግሩ የቤንዚኑ ኦክቴን ማነስ ነው» ብሎ፣ የእሽቅድድም መኪና ሥዕል የተለጠፈበት ጠርሙስ ሸጠለት። «ቤንዚን በሞላህ ቁጥር ጨምርበት፤ ነዳጅህ የእሽቅድድም ነዳጅ ይሆናል፤ ጉልበት ይጨምራል፣ ፍጆታም ይቀንሳል» አለው። የአንዱ ጠርሙስ ዋጋ ወንድሙ ወጪውን ሸፍኖ በቀን ከሚተርፈው ገንዘብ ይበልጥ ነበር። ተማሪዬም «ዶክተር፣ ወንድሜ መግዛቱን ይቀጥል ወይስ ይተው?» ሲል ጠየቀኝ።

አጭሩ መልስ «ይተው» የሚል ነው። ይሁን እንጂ ምክንያቱ ያልተነገረ «ተው» ከነጋዴው «ጨምር» በምንም አይሻልም፤ ሁለቱም «እመኑኝ» ከማለት አያልፉም። ስለሆነም ዛሬ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በሲሊንደር ውስጥ የሚሆነው

ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 የሠራው ባለ አራት ምት ሞተር አሠራሩ ዛሬም በቤንዚን መኪኖቻችን ውስጥ ይገኛል። ፒስተኑ ወደ ታች ሲወርድ አየርና ቤንዚን ወደ ሲሊንደሩ ይገባሉ። ወደ ላይ ሲመለስ ድብልቁን ይጨምቀዋል። ካንዴላው እሳት ይሰጣል፤ የጋለው ጋዝ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ በመጨረሻም ጭሱ ይወጣል።

ፒስተኑ ከታች ሳለ የሲሊንደሩ ይዘት፣ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ ለሚቀረው ይዘት ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር የጭመቃ ምጥጥን ይባላል። ይህ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ከአንድ ዓይነት ነዳጅ የበለጠ ሥራ ይገኛል። በሐሳባዊው የኦቶ ዑደት ስሌት መሠረት፣ ምጥጥኑ 8 የሆነ ሞተር ከሙቀቱ 56 ከመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ይለውጣል፤ 10 ሲሆን 60፣ 13 ሲሆን ደግሞ 64 ከመቶ ይደርሳል። እውነተኛ ሞተር ግጭትና የሙቀት ብክነት ስላለበት ከዚህ በብዙ ያንሳል፤ የመሻሻሉ አቅጣጫ ግን ያው ነው። የእሽቅድድም ሞተሮች ምጥጥናቸው 13፣ 14 እና ከዚያም በላይ የሚሆነው፣ ወይም ተርቦ የሚገጠምላቸው፣ በዚህ ምክንያት ነው። የዕለት መኪኖቻችን ግን አብዛኞቹ ከ9 እስከ 11 ባለው መካከል ይገኛሉ።

ታዲያ መሐንዲሱ ጭመቃውን እንደፈለገው እንዳያሳድግ የሚያግደው ምንድን ነው? አየር ሲጨመቅ ይግላል። አንድ የገለባ ክምር ከአንድ ጫፍ ተለኩሶ እሳቱ በሥርዓት ወደ ሌላው ጫፍ ሲጓዝ አስቡ። በጤናማ ሞተር ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው፤ ነበልባሉ ከካንዴላው ተነሥቶ ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ ይጓዛል። ጭመቃውና ሙቀቱ ከልክ ሲያልፉ ግን ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት የድብልቁ ክፍል በራሱ ጊዜ በአንድ ቅጽበት ይቀጣጠላል። ግፊቱ በድንገት ያሻቅባል፤ የግፊት ማዕበል የሲሊንደሩን ግድግዳ ይመታል። መካኒኮቻችን «ሞተር አንኳኳ» የሚሉት ይህን ነው። መንኳኳት ለረጅም ጊዜ ሲቀጥል የፒስተኑን አናት ይበላል፣ ፋሻዎቹን ይሰብራል፣ ጓርኒሲዮኑንም ያቃጥላል።

ኦክቴን የሚባለው ቁጥር

ቤንዚን ብዙ ዓይነት ሃይድሮካርቦኖች ተደባልቀው የሚገኙበት ፈሳሽ ነው። ከእነዚህ መካከል ካርቦኖቻቸው በቀጥታ መስመር የተደረደሩት በሙቀትና በግፊት ፈጥነው ይፈርሳሉ፤ ቅርንጫፍ ያላቸው ግን ረዘም ላለ ጊዜ ይታገሣሉ። በ1926 ግሬሃም ኤድጋር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ይህን ልዩነት መለኪያ አደረገው። ቅርንጫፍ ላለው አይሶኦክቴን 100፣ ቀጥተኛ ለሆነው ኖርማል ሄፕቴን ደግሞ 0 ሰጠ። እንግዲህ አንድ ቤንዚን «95 ነው» ስንል፣ በመሞከሪያ ሞተር ላይ ሲፈተን 95 እጅ አይሶኦክቴንና 5 እጅ ሄፕቴን ካለበት ድብልቅ ጋር በእኩል ደረጃ መንኳኳትን ተቋቁሟል ማለታችን ነው። ከ100 በላይ የሆኑ ነዳጆችም አሉ፤ ከአይሶኦክቴን የበለጠ ይታገሣሉና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። አንድ ኪሎ ግራም አይሶኦክቴን ሲቃጠል 44.3 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል። አንድ ኪሎ ግራም ሄፕቴን ደግሞ 44.6 ገደማ ይሰጣል። ዜሮ ያገኘው ነዳጅ መቶ ካገኘው በጥቂቱም ቢሆን ይበልጣል! ቁጥሩ የሚነግረን ነዳጁ ሳይፈነዳ ምን ያህል ጭመቃ እንደሚችል ብቻ ነው፤ በውስጡ ስላለው ኃይል አንዳች አይናገርም። ነበልባሉ ፈጥኖ ወይም ዘግይቶ ስለመጓዙም አይናገርም።

ስለ ቁጥሮቹ አጻጻፍም አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ሁለት የመለኪያ ዘዴዎች አሉ። አንደኛው ሞተሩ በደቂቃ 600 ዙር እየዞረ የሚደረግ ቀለል ያለ ፈተና ነው። ሁለተኛው በ900 ዙር፣ ድብልቁ አስቀድሞ እንዲግል ተደርጎ የሚካሄድ ጠንከር ያለ ፈተና ነው። አውሮፓ፣ ጃፓንና የባሕረ ሰላጤው አገሮች በማደያ ላይ የሚጽፉት የመጀመሪያውን ነው፤ አሜሪካ የሁለቱን አማካይ ትጽፋለች። ስለዚህ በአሜሪካ 87 ተብሎ የሚሸጠው ቤንዚን በዱባይ ማደያ ላይ 91 ከተባለው ብዙም አይርቅም። በውጭ ያለ ዘመድ «እኛ ጋ 98 አለ» ሲል በየትኛው መለኪያ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለእኛ ደግሞ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ በጃፓን ደረጃ መሠረት መደበኛው ቤንዚን ቢያንስ 89፣ ከፍተኛ ኦክቴን የሚባለው ደግሞ ቢያንስ 96 መሆን አለበት። በከተማችን የምናያቸው አነስተኛ የጃፓን መኪኖች አብዛኞቹ የተነደፉት ለመደበኛው ነው።

የእሽቅድድም ነዳጅ ምን የተለየ ነገር አለው?

«የእሽቅድድም ነዳጅ» የአንድ ነገር ስም አይደለም። አንዳንዱ ከፍተኛ ኦክቴን እንዲኖረው ተመርጦ የተደባለቀ ቤንዚን ነው። አንዳንዱ አልኮል ነው፤ በኢንዲያናፖሊስ የሚወዳደሩት መኪኖች ለአርባ ዓመታት ገደማ የነዱት በሜታኖል ሲሆን፣ በ2007 ወደ ኢታኖል ተሸጋግረዋል። ኢታኖል ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘው ኢታኖል በአዲስ አበባ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ መሸጥ የጀመረው በ2008 ነበር።

አልኮል ከፍተኛ ኦክቴን አለው፤ የኃይል ይዘቱ ግን ዝቅተኛ ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን 43 ሜጋጁል ገደማ ሲይዝ፣ ኢታኖል 27፣ ሜታኖል ደግሞ 20 ገደማ ይይዛሉ። ታዲያ ተሽቀዳዳሚዎች ለምን መረጡት? ምስጢሩ ያለው በአየሩ ላይ ነው። የሞተርን ጉልበት የሚወስነው በዋነኛነት ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው አየር ነው። አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሙሉ ለማቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል፤ ለኢታኖል 9፣ ለሜታኖል 6.5 ገደማ ይበቃል። ስሌቱን ስንሠራ፣ ሦስቱም ለአንድ ኪሎ ግራም አየር 3 ሜጋጁል ገደማ ይሰጣሉ። በሌላ አነጋገር፣ በኃይል በኩል ትልቅ ልዩነት የለም። አልኮል የሚያተርፈው በሚተንበት ጊዜ አየሩን ስለሚያቀዘቅዝና ከፍተኛ ጭመቃን ስለሚችል፣ ለእሱ ተብሎ በተሠራ ሞተር ውስጥ ነው።

በአጭር ርቀት የፍጥነት ውድድር የሚነደው ናይትሮሜቴን ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። የኃይል ይዘቱ ከቤንዚን ሩብ ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ኦክስጅን በራሱ ውስጥ ስላለ ለአንድ ኪሎ ግራም ከ2 ኪሎ ግራም ያነሰ አየር ይበቃዋል፤ ስለዚህ በአንድ ሲሊንደር ውስጥ በብዛት ሊቃጠል ይችላል። ጉልበቱ የሚመጣው ከዚህ ነው እንጂ ከኦክቴን አይደለም።

ተራው ሞተር ሲያገኘው

አሁን ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ወንድሙ መኪና እንመለስ። በሞተሯ አካል ላይ የመንኳኳት ጠቋሚ የሚባል አነስተኛ መሣሪያ ተገጥሟል። ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ይለውጣል፤ ኮምፒዩተሩም ምልክቱን ሲያገኝ ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት በጥቂት ዲግሪ ያዘገያል። መንኳኳቱ ይቀንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ለ95 የተነደፈ ሞተር 91 ቢሰጠው በርግጥ ይደክማል፤ 95 ሲመለስለት ደግሞ ጉልበቱ ይመለሳል። ብዙ ሰው «ከፍተኛ ኦክቴን ጉልበት ሰጠኝ» የሚለው ይህን ሲያይ ነው፤ ያየውም እውነት ነው፤ የተመለሰለት ግን የራሱ ጉልበት ነው።

ለ91 የተነደፈ ሞተር 91 ካገኘ ግን ካንዴላው አስቀድሞ በተመረጠለት ቅጽበት እሳት እየሰጠ ነው። 105 ብንሞላለት የሚያደርግበት ነገር የለም። የጭመቃ ምጥጥኑ በብረት ተቀርጾ የተወሰነ ነውና ነዳጅ አይለውጠውም። ያልተጠየቀው ትዕግሥት ሳይሠራበት ከጭሱ ጋር ይወጣል።

ይህ ጽንሰ ሐሳብ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2016 ለመደበኛ ቤንዚን የተሠሩ ባለ 4፣ ባለ 6 እና ባለ 8 ሲሊንደር መኪኖችን በመደበኛና በፕሪሚየም ቤንዚን አስፈትኖ፣ በጉልበትም፣ በነዳጅ ፍጆታም፣ በጭስም ረገድ የሚያወላዳ ጥቅም አላገኘም። በዚያው ጊዜ ባወጣው ግምት፣ አሜሪካውያን አሽከርካሪዎች ለማያስፈልጋቸው ፕሪሚየም በአንድ ዓመት ከ2.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥተዋል። የተሞከረው የማደያ ፕሪሚየም እንጂ የእሽቅድድም ነዳጅ አልነበረም፤ ምክንያቱ ግን አንድ ነው።

የምንኖርበት ከፍታ

ለእኛ የሚጨመር ሌላ ነጥብ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህሉ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል፤ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በጭመቃው መጨረሻ ያለው ግፊትም ይቀንሳል። ስለዚህ የመንኳኳት ዝንባሌው ዝቅ ይላል። በአሜሪካ የሮኪ ተራሮች አካባቢ 85 የሚል ቤንዚን የሚሸጠው ከዚህ በመነሣት ነው። ያው መኪና ወደ አዋሽ ወይም ወደ ሰመራ ቆላ ሲወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይበረታል፤ በከተማችን ዝም ያለ ሞተር እዚያ ሊያንኳኳ ይችላል። ተርቦ ያለው ሞተር አየሩን በግድ ስለሚሞላ ከከፍታው ይህን ያህል አይጠቀምም።

ይህን ስረዳ የተማሪዬ ወንድም ታሪክ ይበልጥ አሳሰበኝ። ለመደበኛ ቤንዚን የተሠራች፣ ተርቦ የሌላት መኪና፣ ከአዲስ አበባም ከፍ ባለው በእንጦጦ ዳገት ላይ ካንኳኳች፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኦክቴን ሊሆን አይገባም። ጠርሙሱ ምናልባት ድምፁን ያደበዝዝ ይሆናል፤ በሽታውን ግን ይደብቀዋል።

ጉዳቱ

«ባይጠቅምም አይጎዳ» የሚል ይኖራል። በሚከተሉት ምክንያቶች ይጎዳል። ሜታኖል አልሙኒየምንና ለእሱ ያልተሠራ ጎማን ይበላል። አልኮል ከአየሩ አንጻር በብዛት መግባት ስለሚያስፈልገው፣ ለቤንዚን የተስተካከለ ሞተር ነዳጅ አጥሮት ይግላል። ብዙ የእሽቅድድም ነዳጆች ለጥቂት ሰዓት ውድድር የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ በማደያ ቤንዚን ውስጥ የሚጨመሩት ቆሻሻ ከላካይ ንጥረ ነገሮች የሏቸውም።

ከሁሉ የከፋው እርሳስ ነው። በ1921 የጄኔራል ሞተርስ ባልደረባ የነበረው ቶማስ ሚጅሊ ቴትራኤቲል ሌድ የተባለው የእርሳስ ውሁድ መንኳኳትን እንደሚያስቀር ደረሰበት። በ1923 ለሽያጭ ቀረበ፤ በ1924 በኒው ጀርሲ በአንድ ማምረቻ ውስጥ አምስት ሠራተኞች በመመረዝ ሞቱ። ያም ሆኖ ዓለም ለአሥርት ዓመታት ነዳው። እርሳስ የልጆችን አእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ጉዳት የማያስከትል መጠን እስካሁን አልታወቀም። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ2001 በዳካር ተስማምተው፣ በ2006 መግቢያ ላይ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ከማደያዎቻቸው አስወገዱ። የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ ነበረች፤ እሷም በ2021 አቆመች። ታዋቂው የአሜሪካ የናስካር ውድድር እንኳ ወደ እርሳስ አልባ ነዳጅ የተሸጋገረው በ2007 ነው። ዛሬም አንዳንድ የእሽቅድድም ነዳጆች እርሳስ አለባቸው። አንድ ታንክ እንዲህ ያለ ነዳጅ የጭስ ማጣሪያውንና የኦክስጅን ጠቋሚውን ለማበላሸት መንገድ ይከፍታል፤ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ደግሞ በመንገድ ዳር በሚጫወቱ ልጆች ሳንባ ውስጥ ይገባል። ባለመኪናው በራሱ ገንዘብ የገዛው ጉዳት ለሌላውም ይተርፋል ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ የአምራቹን መመሪያ እንመልከት፤ ብዙ ጊዜ በነዳጅ መሙያው ክዳን ውስጥም ይጻፋል። ከፍተኛ ኦክቴን «ያስፈልጋል» ካለ እንታዘዝ። ይህ በተለይ ተርቦ ላላቸውና ጭመቃቸው ከፍ ላለ ሞተሮች ይሠራል። ለእነሱ ዝቅተኛ ኦክቴን መስጠት ቁጠባ ሳይሆን ኪሳራ ነው። መደበኛ ይበቃል ካለ ደግሞ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ የጠርሙሶቹን ቋንቋ እንወቅ። «7 ነጥብ ይጨምራል» የሚል ጽሑፍ ስናይ 91 ወደ 98 የሚያድግ ይመስለናል። በዚህ ንግድ ግን አንድ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የኦክቴን አንድ አሥረኛ ነው፤ 91 ወደ 91.7 ከፍ አለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ሞተር ሲያንኳኳ ምክንያቱን እንፈልግ። የራዲያተር መዘጋት፣ ትክክለኛ ያልሆነ ካንዴላ፣ በሲሊንደሩ ውስጥ የተጋገረ ካርቦን፣ የተበላሸ የመንኳኳት ጠቋሚ፣ ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን፤ እነዚህ ሁሉ ያንኑ ድምፅ ያስከትላሉ።

ወንድሙ መኪናዋን ወደ ቤተ ሙከራችን አመጣት። ተማሪዎቼ ለሁለት ቀን መረመሯት። ራዲያተሯ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ሲሞላበት በኖራ ግማሽ ያህሉ ተደፍኗል። ካንዴላዎቹም ለሌላ ሞተር የተሠሩ፣ ሙቀት የሚይዙ ዓይነት ነበሩ። ራዲያተሩ ተጠርጎ ካንዴላዎቹ ሲለወጡ፣ መኪናዋ በተራ የማደያ ቤንዚን ዳገቱን ያለ ድምፅ ወጣች። ጠቅላላ ወጪው ከአራት ጠርሙስ ዋጋ ያነሰ ነበር። ወንድሙ የቀሩትን ሁለት ጠርሙሶች ለነጋዴው ሊመልስ ሄዶ ነበር፤ ነጋዴው አልተቀበለውም። ጠርሙሶቹ አሁን በቤተ ሙከራችን መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመጪው ሴሚስተር ተማሪዎች ይፈትኗቸዋል፤ ውጤቱንም በዚሁ መድረክ እናቀርባለን።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።